ራስ ቅል ታቅፌ ደባርቅን የዞርኩበት ቅዳሜ

ትዕግሥት የሚባል ነገር ከእኔ ጋር አልተፈጠረም። እናቴ በልጅነቴ «ውኃው ሳይሞቅ የምትገነፍል ልጅ» ትለኝ ነበር። ያ ቅዳሜ የገጠመው እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው። እስኪ ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

በዚያን ጊዜም እንደ ዛሬው ደባርቅ ከተማ በአንዲት ሙዚየም ውስጥ የቅርስ ባለሙያ ነበርኩ። ሙዚየም ስላችሁ አዳራሽ ከአዳራሽ የሚያዞር ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጋሻ፣ የብራና ቁራጭ፣ የዋልያ ቀንድ፣ ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር ከጥግ ወደ ጥግ የምገፋቸው የመስታወት ሣጥኖች አሉባት። ወደ ተራራው የሚወጣው ቱሪስት በደጃችን ሽው ብሎ ያልፋል፤ ጭላዳ ሊያይ የመጣ ሰው እኛን ምን ያደርገናል። የከተማው ሰው ደግሞ «ጋሻማ አያቴ ቤትም አለ» ይላል።

ይኼ ነገር ሲያንገበግበኝ ከረመና በየወሩ ሕዝባዊ ገለጻ እናዘጋጅ ብዬ ተነሣሁ። የሰው ልጅ በዓለም ዙሪያ እንዴት እንደሚኖር፣ መሬት ሲቆፈር ምን እንደሚገኝ፣ ከእኛ በፊት እዚህ እነማን እንደነበሩ፣ ይህን ሁሉ ለደባርቅ ሰው በገዛ ቋንቋው፣ በነፃ። የመጀመሪያው ገለጻ በበረዶ አገር ስለሚኖሩ አዳኞች ነበር። የመጡት የግቢያችን ዘበኛና ዝናብ ያባረራቸው መንገደኞች ናቸው። ዝናቡ ሲያባራ እኔና ዘበኛው ቀረን። ኃላፊዬ አቶ ፈንቴ በማግስቱ ጠሩኝና፣ «ትርንጎ፣ ሕዝቡ የራሱ ጣጣ አለበት። ለበረዶ አገር ሰው ምን ቤት ነው?» አሉኝ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። ወደ ጎንደር ዝውውር ጠይቄ ለመሄድ ልቤ ሸፍቶ ነበር።

ዶክተር ሱራፌል የደወለልኝ ይህን ጊዜ ነው። የጥንት ሰው አጥንት የሚያጠና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ዳባት አጠገብ የውኃ ቧንቧ ቦይ ሲቆፈር የተገኘ ራስ ቅል እጁ ላይ ነበር። «ምርመራው አላለቀም፤ ግን ይዤው እመጣለሁ። ሕዝቡ በስዕል ይየው፣ ከዚያም በዓይኑ» አለኝ። ከደስታዬ ብዛት ስልኩን ሳልዘጋ እልል አልኩ።

ማስታወቂያውን ራሴ ጻፍኩ፤ «ስለ ጥንት ሰው አኗኗር ገለጻ ይደረጋል» የሚል ነው። ሞንታርቦ በጫነ ባጃጅ ከተማው ውስጥ እንዲነገር ለአንድ ወጣት ሰጠሁት። ቅዳሜ ጧት ገበያው ሲሞላ ባጃጁ በአጠገቤ አለፈ። የሰማሁት ግን እንዲህ የሚል ነው፤

«ውድ የደባርቅ ከተማና የአካባቢው ነዋሪዎች! ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጥንት ሰው በአዳራሻችን ተገኝተው ንግግር ያደርጋሉ! እንዳያመልጣችሁ!»

ከኋላው እየሮጥኩ «አይደለም! አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። ወጣቱ እጁን አውለበለበልኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ለዕለቱ ለምኜ ያገኘሁት የከተማው አዳራሽ ጢም አለ። ዶሮ የታቀፈ፣ ጤፍ የሸመተ፣ በግ ከበር ያሰረ ገበያተኛ ሁሉ ገብቷል። ከፊት ወንበር ቄስ ይርጋ ተቀምጠዋል፤ ደብራቸው ከሙዚየሙ ብዙም አይርቅም። ገና ሳያቸው ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሽማግሌው የት አሉ? ዕድሜያቸው ስንት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ መድረኩ ሸሸሁ።

አቶ ፈንቴ የመክፈቻ ንግግር ጀመሩ። ስለ ልማት ተናገሩ፤ ስለ መንገድ ተናገሩ፤ ስለ ከተማ ጽዳት ተናገሩ። የጥንት ሰው የሚለውን አንድም ጊዜ አላነሡም። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር አጨበጨቡና ወረዱ። ዶክተር ሱራፌል ተነሣ፣ ፕሮጀክተሩ በራ፣ የመጀመሪያው ስዕል ግድግዳው ላይ ታየ። መብራት ጠፋ።

እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዶክተሩ ግን አልደነገጠም። «እንግዲያው ስዕሉ ከቀረ ዋናውን ላሳያችሁ» ብሎ ከካርቶን ውስጥ ራስ ቅሉን አወጣና በሁለት እጁ ከፍ አደረገው።

በር ላይ ያለው በግ ብቻ ይጮኻል።

«ይህ ናሙና» አለ ዶክተሩ፣ «ከዚሁ ከዳባት አካባቢ የተገኘ ነው። ጥርሱን ስናየው ወጣት ነው፤ የሠላሳ ዓመት ሰው አይሆንም። የሞተው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሳይሆን አይቀርም።»

ከመካከል አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ተነሡ። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን አዳራሹን ሞላው።

«ልጄ፣ መቼ ነው የሚቀበረው?»

«እናቴ፣ ይህ የጥናት ናሙና ነው። አይቀበርም፤ ይጠበቃል።»

«ሰው አይደል?»

«ሰው ነበረ፣ አዎ።»

«ታዲያ ነበረ ምንድን ነው? ጥርሱ ያው፣ ግንባሩ ያው። ሰው ይቀበራል እንጂ እንዲህ ተንጠልጥሎ ይወራበታል?»

ዶክተሩ በትሕትና ፈገግ አለ፤ ያ ፈገግታ ነገሩን አባሰው። «እናቴ፣ እርስዎ የሚያውቁት ሰው እኮ አይደለም። እጅግ የቆየ ነው።»

«እብድ አይደለሁም» አሉ። «የኔ ልጅ አለመሆኑን አውቃለሁ። ለሱም ግን እናት ነበረችው።»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ ለይቼ መናገር አልችልም። አንዱ «ይቀበር!» አለ። ሌላው «የማን እንደሆነ ሳይታወቅ የት ይቀበራል?» አለ። አንዱ «ክርስቲያን ነው»፣ ሌላው «ሙስሊም ቢሆንስ?»፣ ከኋላ ደግሞ አንድ አስተማሪ «ቤተ እስራኤልም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ አገር ብዙ ኖረዋል» አለ። ሰው ወደ መድረኩ መጠጋት ጀመረ። የተቆጣው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው በቅርብ ለማየት ነው የሚጋፋው። አቶ ፈንቴ ግን ሁሉም የተቆጣ መሰላቸውና «ስብሰባው ተበትኗል!» ብለው ጮኹ። ዶክተሩን በክንዱ ይዘው በጓሮ በር አስወጡት። እሱ ሲወጣ ካርቶኑን እጄ ላይ ጣለው። «አደራ፣ አንዴ ያዢልኝ!» አለ። መኪናው ሲነሣ ሰማሁ። ወደ ጎንደር ሄደ።

አንዴ ያዢልኝ።

ሙዚየሙ ውስጥ ላስቀምጠው ብዬ ስሄድ አቶ ፈንቴ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከትተዋል። «በኔ መሥሪያ ቤት አይገባም። ሕዝቡ ነገ መጥቶ ቢሰብረውስ? ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

«ታዲያ የት ልውሰደው?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ።»

ለዶክተሩ ደወልኩ፤ አይነሣም። ደግሜ ስደውል ኔትወርክ የለም። ባጃጅ ይዤ ወደ ቄስ ይርጋ ደብር ሄድኩ። የባጃጁ ነጂ በመንገድ ላይ፣ «ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው? ዶሮ ነው?» ሲለኝ ሳላስብ እውነቱን ነገርኩት። በመሐል መንገድ አወረደኝ።

ቄስ ይርጋ በደጀ ሰላሙ ተቀምጠው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ስሙን ታውቂያለሽ?»

«አባ፣ ማን ሊያውቅ ይችላል?»

«መጠመቁንስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔ ምን ላድርግ? በማላውቀው ብገባ በሥርዓት ላይ መቀለድ ይሆንብኛል። ጨክኜብሽ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው፤ አልተናደድኩባቸውም ብል ግን ዋሸሁ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው እስክሪብቶ አነሣ።

«ሟች ማን ይባላል?»

«አይታወቅም።»

«ገዳዩስ?»

«መገደሉም አይታወቅም።»

«መቼ ነው የሞተው?»

«ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እኅቴ፣ ቅዳሜ ነው። ለምን ቤትሽ ገብተሽ አታርፊም?»

ቤቴ ደግሞ የኪራይ ቤት ነው። አከራዬ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። አማተቡና፣ «ነፍሱን ይማረው፤ ግን እዚህ አያድርም» አሉኝ።

ወደ ሙዚየሙ ግቢ ተመለስኩ። እግሬ ዝሏል፣ ጫማዬ በጭቃ ተለውሷል፣ ካርቶኑ በካፊያው መርጠብ ጀምሯል። እኚያ ጥቁር የለበሱት እናት በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሳያቸው ያ የተጠራቀመው ሁሉ ገነፈለ።

«እርስዎ ነዎት!» አልኳቸው። «ይኼን ሁሉ ያመጡት እርስዎ ነዎት! ወር ሙሉ ለፍቼ፣ አዳራሽ ለምኜ፣ ሰው ለምኜ! ዝም ብለው ቢያዳምጡ ምን ነበረበት? አሁን ማንም አይቀበለኝም። ቤተ ክርስቲያን አይቀበለኝም፣ ፖሊስ አይቀበለኝም፣ ቤቴ አልገባም! ደስ አለዎት?»

ሌላም ሌላም ተናገርኩ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ።

«ጨረስሽ?» አሉ።

«ጨርሻለሁ።»

«በይ ተነሺ፤ የዳባት መኪና ሳያልቅ እንሂድ። እኔ ቤት ያድራል።»

ስማቸው እማማ ስንዱ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ነጠላቸውን ደረቡበት። ረዳቱ «እማማ፣ እቃውን ከላይ ልጫነው» ሲላቸው «እቃ አይደለም፤ ሰው ነው» አሉት። ረዳቱ ሳቀ፤ አብሮት የሳቀ ሰው አልነበረም።

መንገድ ላይ ነገሩኝ። ማማሩ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ጦርነቱ በኛ አገር ያለፈ ጊዜ ወጣ፤ አልተመለሰም። ጓደኞቹ ወድቋል አሉ። የሰፈር ሽማግሌዎች መርዶ ሊነግሩ በማለዳ ሲመጡ እማማ ስንዱ በዱላ አባረሯቸው።

«ሬሳውን ያየ አለ? አልኳቸው። የለም አሉኝ። እንግዲያው ምን ልትነግሩኝ መጣችሁ? አልኳቸው።»

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሳይቀመጡ ኖሩ። ጥቁሩ ለባላቸው የለበሱት ነው፤ ለልጃቸው አይደለም።

«ዛሬስ አዳራሽ ምን ሊያደርጉ መጡ?» አልኳቸው።

«የጥንት ሰው ይመጣሉ ሲባል ሰማኋ። ብዙ ዘመን ያዩ ሽማግሌ ከሆኑ፣ ያን ያህል ጠፍቶ የተመለሰ ሰው አይተው ያውቁ እንደሆነ ልጠይቃቸው ነበር።»

ከመስኮቱ ውጪ የገብሱን ማሳ ማየት ጀመርኩ። ያ ባጃጅ ላይ የነበረው ወጣት ምን እንዳደረገ እሱም አያውቅም፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም ነበር።

እማማ ስንዱ ቤት ስንደርስ ራስ ቅሉን ካርቶኑ ውስጥ አልተዉትም። መደቡ ላይ ንጹሕ ነጠላ አነጠፉና አኖሩት። እራት አበሉኝ፣ መኝታ አነጠፉልኝ። ደክሞኝ ነበርና እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

የቀሰቀሰኝ ጩኸት ነው። ጎሕ ቀድዷል። እማማ ስንዱ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ «ማማሩዬ! ማማሩዬ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ጎረቤት በሩን እየከፈተ ወጣ። አንዲት ሴት ሮጣ አቅፋ ያዘቻቸው፤ «ምን ሆንሽ? ምን ሰማሽ?»

«መርዶዬን ተቀብያለሁ» አሉ። «አልቅሱልኝ።»

ያ ሰፈር ስንት ጊዜ ሲጠብቅ እንደኖረ ያን ጧት አየሁ። «ከየት ሰማሽ? ማን ነገረሽ?» ብሎ የጠየቀ የለም። ወንዶቹ የዕድሩን ድንኳን አመጡ። ሴቶቹ ባቄላና ስንዴ ለንፍሮ ጣዱ። ሽማግሌዎቹ፣ እነዚያው በዱላ የተባረሩት፣ ገቡና መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። ሁሉም ለማማሩ አለቀሰ። መደቡ ላይ ላለው ለዚያ ለማይታወቀውም የሚያለቅሱ ነበሩ፤ «አንተስ የማን ልጅ ነህ?» እያለች አንዲት አልቃሽ ሙሾ ስታወርድ ሰምቻለሁ።

ስልኬ የጮኸው ይህን ጊዜ ነው። ዶክተር ሱራፌል።

«ትርንጎ! ራስ ቅሉ የት ነው?»

«ለቅሶ ላይ ነው።»

«ምን?»

«ለቅሶ ላይ ነው አልኩዎት!»

ያለንበትን ነገርኩት፤ ዳባት በጣም በቶሎ ደረሰ። ከመኪናው እንደወረደ፣ ድንኳኑን ሳያይ፣ «በባዶ እጅ ነክታችሁታል? ትርንጎ፣ ምርመራው እኮ ይበላሻል! ይህን ያህል ኃላፊነት የማይሰማሽ…» እያለ መጣብኝ።

«ስማ!» አልኩት። ያን ቀን «እርስዎ» ማለቴ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰም። «ጥለኸው የሄድከው አንተ ነህ። ከተማው በሙሉ ሲያባርረኝ ያስጠጉኝ እኚህ እናት ናቸው። አሁን ወይ ገብተህ ተቀመጥ፣ ወይ መኪናህ ውስጥ ጠብቅ። እዚህ ቆሞ መጮህ ግን የለም።»

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ። አንድ ሽማግሌ ከድንኳኑ ውስጥ ዞር ብለው አዩትና ለሱ ቦታ ሊሰጡ ጠጋ አሉ። በለቅሶ ቤት ቦታ ተሰጥቶት የሚቆም ሰው የለም። ገብቶ ተቀመጠ። አንገቱን ደፋ። ንፍሮው ሲዞር ዘገነ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ አልተንቀሳቀሰም።

ለቅሶው ረገብ ሲል እማማ ስንዱ ራስ ቅሉን በነጠላው ጠቅልለው ራሳቸው አመጡለት።

«የጀመርከውን ጨርስ» አሉት። «አልከለክልህም። ስትጨርስ ግን ካወጣችሁበት ቦታ መልሰው።»

«እማማ፣ ውሳኔው የኔ ብቻ አይደለም። ሕግ አለ፣ መሥሪያ ቤት አለ…»

«አደራ አልኩህ።»

ዶክተሩ ነጠላውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እሺ» አለ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ክረምቱን ሙሉ ስጨቃጨቅ ከረምኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይመራኛል፣ ሌላው «እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልን አያውቅም» ይለኛል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው ይባላል። ዶክተሩም በበኩሉ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንዲሁ ሲላተም ነበር። በመጨረሻ ተፈቀደ። የአደይ አበባው ሳይረግፍ ዶክተር ሱራፌል ራሱ ይዞት መጣ። ከቦዩ ፈንጠር ብሎ ካለ ጉብታ ላይ ጉድጓዱን የዳባት ሰዎችና እሱ አብረው ቆፈሩ። ቄስ ይርጋ ሳይጠሩ ከደባርቅ መጡ። ልብሰ ተክህኖ አልለበሱም፣ መጽሐፍም አልያዙም። «እንደ ጎረቤት ነው የመጣሁት» አሉና አካፋ ተቀብለው አፈር መለሱ።

አቶ ፈንቴ? አልመጡም። በዓመቱ ስብሰባ ላይ ግን «ሕዝቡን ያሳተፈ የቅርስ ሥራ ሠርተናል» ብለው ሲያቀርቡ በጆሮዬ ሰማሁ። ተነሥቼ ልጮህ ነበር፤ አጠገቤ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

እንግዲህ ይህችን ታሪክ ስጨርስ ትዕግሥት ተማርኩ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር፤ ውሸት ይሆናል። ዛሬም ቶሎ እገነፍላለሁ። የተለወጠው ሌላ ነው። የዝውውሩን ሐሳብ ተውኩት። ናሙና የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። ድሮ ገለጻ ሳዘጋጅ፣ ሕዝቡ የማያውቀውን ላሳውቀው ነበር ሐሳቤ፤ ሰው አዳራሽ ሲገባ ባዶ እጁን የሚገባ ይመስለኝ ነበር። እናንተም አስተማሪ፣ ሰባኪ፣ ተናጋሪ ከሆናችሁ ይህን አስቡልኝ፤ ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ምን ሊጠይቅ እንደመጣ አታውቁም። ንግግራችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ብትጠይቁት ምን አለበት? እኔ አሁን የምጀምረው በጥያቄ ነው። አቶ ፈንቴ የመክፈቻ ንግግራቸው በመቅረቱ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል።

ባለፈው ወር ገለጻው በሩቅ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ስለሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ነበር። ሰው በዝቶ ወንበር እንደ ልማዱ ጎደለ፤ መብራትም እንደ ልማዱ ሄዶ መጣ። እማማ ስንዱ ከዳባት መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ዶክተር ሱራፌል ስለ ጀልባዎቹ ሲተርክ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ሲጨርስ እጃቸውን አነሡ።

«ባሕር ላይ የቀረባቸውን ሰው እንዴት ነው የሚያለቅሱለት?»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ እሱ።

«አናውቅም፣ እማማ» አለ።

«እንግዲያው ጠይቁልኝ» አሉ። «ለሚቀጥለው ወር እመጣለሁ።»